መነሻውን ማን መረጠው?

(በእንጦጦ ፓርክ የቀረበ ዲስኩር)



አዘጋጆቹ ስትጋብዙኝ «ርዕሱን እርስዎ ይምረጡ» አላችሁኝ። «ስለ ባሕር ልናገር» ስላችሁ «ስለ ባሕር በር ማለትዎ ነው?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። አይደለም። ስለ ባሕር በር የሚናገር ሰው በዚህ አገር ሞልቷል፤ እኔ ብቀር የሚጎድል ነገር የለም። የዛሬው ነገሬ ስለ ራሱ ስለ ባሕሩ ነው፤ በተለይም በኮምፒውተር ውስጥ ስለሚሠራው ባሕር። ዛሬ መንግሥታት ዓሣ ሲከፋፈሉ፣ ከውቅያኖስ ወለል ማዕድን ለማውጣት ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ጥብቅ የባሕር ሥፍራ ሲከልሉ፣ የመጪውን ወቅት ዝናብ ሲተነብዩ ፊታቸው ያለው ውኃው አይደለም፤ የውኃው ሞዴል ነው። ያንን ሞዴል ማን ይሠራዋል? መነሻውን ማን ይመርጣል? ስሕተት ሲገኝበትስ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? ሦስቱን ጥያቄዎች ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባቸዋለሁ።

«ባሕር የሌለን ሰዎች፣ ያውም ተራራ ላይ ተቀምጠን፣ ይህ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። ደግ ጥያቄ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

እስቲ ያለንበትን ቦታ እንይ። እንጦጦ የምኒልክና የጣይቱ መናገሻ እንደነበረ፣ ማርያምና ራጉኤል የተተከሉበት እንደሆነ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማው ሰው የሚናፈስበት ፓርክ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ የማይነገርለት ነገር ይህ ሸንተረር የውኃ መክፈያ መሆኑ ነው። በደቡቡ ቁልቁለት የወረደ ዝናብ ቀበናን ይዞ ከተማውን አቋርጦ አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ። አዋሽም የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ባሕር አይደርስም። በሰሜኑ በኩል ወደ ሱሉልታ የዞረው ውኃ ግን ከሙገር ጋር አባይ ይገባል፤ ግድባችንን አልፎ፣ ካርቱምን አልፎ፣ አስዋንን አልፎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ አንዱ ባሕር ያያል፣ ሌላው በረሃ ላይ ይተናል።

ደመናው የመጣው ግን ከባሕር ነው። የክረምታችን እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን በላይ አልፎ ይመጣል። የክረምቱን ብርታትና ድካም ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ ከእኛ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የሚታየው ሙቀት ነው። ኤልኒኖ የሚባለውን ስም በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ያልሰማ ገበሬ አልነበረም። ያኔ ውቅያኖሱ ሞቀ፣ ክረምታችን ከሸፈ፣ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ኤልኒኖ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት የባሕር አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን በረሃ በዝናብ አጠቡት፤ በዚያ እርጥበት የተፈለፈለው የበረሃ አንበጣ ትውልድ በትውልድ እየተባዛ የመንን ተሻግሮ በ2012 ዓ.ም. ማሳችን ላይ አረፈ። ያንን አንበጣ በጅራፍ ጩኸትና በቆርቆሮ ኳኳታ ያባረረ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደሚኖር አልጠራጠርም። አንበጣው የባሕር ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ ባሕር የሌለን እኛ ነን እንጂ፣ ባሕሩስ እኛን ትቶን አያውቅም።

አሁን ወደ ሞዴሉ ልግባ። ባለሙያዎች ከመካከላችሁ ብትኖሩ ለማቅለሌ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሞዴል ማለት በአጭሩ ይህ ነው፦ ውቅያኖሱን በስፋትም በጥልቀትም በካሬ በካሬ ትከፋፍላለህ፤ ለእያንዳንዱ ካሬ የሙቀት፣ የጨውና የፍሰት ቁጥር ትሰጣለህ፤ ከዚያ አንዱ ካሬ ለጎረቤቱ ምን እንደሚያቀብል በፊዚክስ ሕግ ታሰላለህ። ከርክ ብራያንና ማይክል ኮክስ የተባሉ ሰዎች ፕሪንስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን መንገድ ከጀመሩት መካከል ናቸው። ዛሬ ሞዴሉን የሚመግበው መረጃ ከሳተላይትና ከተንሳፋፊ መሣሪያዎች ይመጣል። አርጎ በሚባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ውስጥ 4,000 የሚጠጉ መሣሪያዎች በየውቅያኖሱ ተበትነው፣ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር እየጠለቁ፣ ሲወጡ የለኩትን በሳተላይት ይልካሉ። ያ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማውረድ ይቻላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳላመሰግን አላልፍም።

አውሮፓውያን አሁን ከዚህ አልፈው ሄደዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ብሬስት ከተማ በተደረገው የውቅያኖስ ጉባኤ ላይ የውቅያኖስ «ዲጂታል መንትያ» እንደሚሠራ አስታወቁ። መንትያው ሲጠናቀቅ አንድ ሚኒስትር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «እዚህ ቦታ ዓሣ ማጥመድ ብከለክልስ? እዚያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብተክልስ?» እያለ ውጤቱን በስክሪን ላይ ለማየት ይችላል ተብሎ ታስቧል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ የውቅያኖስ ሳይንስ አሥርት ብሎ ሲሰይም ከደገፋቸው ሥራዎች አንዱ ይህንን የመሰለ ነው። ሥራው ያስደንቃል፤ በቅንነት የሚደክሙበትም ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ አንድ ቦታ ላይ ላቁማችሁ። ባብ ኤል መንደብን በካርታ ላይ አስቡት። በአንድ በኩል የመን፣ በሌላው ጅቡቲ። ከስዊዝ በኩል የሚመጣልን ማዳበሪያም ነዳጅም መድኃኒትም ጅቡቲ ወደብ ከመድረሱ በፊት በዚያች ጠባብ በር ያልፋል። ስፋቷ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአየር ንብረት ለውጥን ለማጥናት ለረጅም ዘመን ባገለገሉት ሞዴሎች ግን የአንዱ ካሬ ጎን 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወንፊት የሚይዘው ቀዳዳው ያላሳለፈውን ብቻ ነው፤ ባብ ኤል መንደብም በዚያ ወንፊት ሾልኮ ይወድቃል። ስለዚህ ሞዴሉን የሚሠራው ሰው መምረጥ አለበት። በሩን ዘግቶ ቀይ ባሕርን ሐይቅ ያደርገዋል? ወይስ ከተፈጥሮው በላይ አስፍቶ ይከፍተዋል? ወይስ «በዚህ በኩል ይህን ያህል ጨዋማ ውኃ ይውጣ» ብሎ በእጁ ቁጥር ይጽፋል? ሦስቱም ተደርገዋል። ሦስቱም ከቴክኒክ አንጻር ምክንያት አላቸው፤ በተንኮል የተሠራ ነገር የለም። ነገር ግን የሕይወታችን በር የሆነችው ቦታ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ ቁጥር መሆኗን አንድ ጊዜ ካያችሁ፣ «ሞዴል ዝም ብሎ ሳይንስ ነው» የሚለውን አባባል እንደ ቀድሞው አትሰሙትም።

ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን የንግግሬ ዋና ነገር ላይ ደርሻለሁ። መነሻውን ማን መረጠው?

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድመን ማወቅ የሚገባን ሕዝብ ነን፤ በአባይ ላይ ተምረነዋልና። እንደምታስታውሱት በ2005 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ቡድን ስለ ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ሁለት ተጨማሪ ጥናቶች እንዲደረጉ መከረ፤ አንዱ የወንዙ ፍሰት ሞዴል፣ ሌላው በታችኛው ተፋሰስ አካባቢና ኑሮ ላይ የሚደርሰው ተጽዕኖ። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የግብጽና የሱዳን መሪዎች ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫውን ፈረሙ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ጥናቶቹን ለማሠራት ቢአርኤልና አርቴሊያ ከተባሉት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ጋር ውል ተፈረመ። ሁሉም የተሟላ ይመስል ነበር፤ ገንዘብም፣ ባለሙያም፣ ኮምፒውተርም ነበረ።

ጥናቱ ግን ከበሩ ሳይወጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ካይሮ ላይ የመነሻ ሪፖርቱ ሲቀርብ ስምምነት ጠፋ። ምክንያቱ የሒሳብ ስሕተት አልነበረም። «ተጽዕኖ ደረሰ የምንለው ከምን ጋር አነጻጽረን ነው?» የሚለው ነው። ግብጽ እ.ኤ.አ. የ1959ኙን ውል አቀረበች። ያ ውል ከወንዙ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውስጥ 55.5 ለግብጽ፣ 18.5 ለሱዳን አድርጎ፣ የተረፈውን 10 ለትነት ትቶ ያካፈለ ነው። ለኢትዮጵያ አንዲት ጣሳ አልደረሳትም፤ በድርድሩም አልተቀመጠችም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ያንን ውል ሲያነቡ ይታወሳል። ያ ቁጥር የሞዴሉ መነሻ ቢሆን ኖሮ ሞዴሉ በጥንቃቄ፣ በትክክል፣ አንዲት ዲጂት ሳያስት «ኢትዮጵያ የምትነካው እያንዳንዱ ጠብታ ጉዳት ነው» ብሎ ይወጣ ነበር። ሒሳቡ ትክክል፣ ፍርዱ ዐመፅ። መነሻውን የመረጠ ሰው ውጤቱን አስቀድሞ መርጦታልና።

ኢትዮጵያ አልቀበልም አለች፤ ግድቡ እየተሠራ ክርክሩ ቀጠለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የዚያን ክርክር ዝርዝር ዛሬ አላነሳም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በአባይ ላይ ይህን ያህል የነቃ አገር በባሕር ላይ ለምን ተኛ? ተመሳሳዩ ክርክር እዚያም አለና።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የሕንድ ውቅያኖስን ቱና የሚያስተዳድር ኮሚሽን አለ፤ ጽሕፈት ቤቱ ሲሼልስ ነው። አገሮቹ «ማን ስንት ቶን ይያዝ?» በሚለው ከአሥር ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ከሩቅ የሚመጡት የአውሮፓና የእስያ መርከቦች ባለቤቶች «ድርሻ በታሪክ ይሰላ፤ እስከ ዛሬ ብዙ የያዘ ብዙ ያግኝ» ይላሉ። የባሕር ዳርቻዎቹ አገሮች ደግሞ «በእኛ ውኃ ውስጥ የተያዘው ዓሣ ለባንዲራችሁ ሳይሆን ለእኛ ይቆጠርልን» ይላሉ። ይህንን ስሰማ ካርቱምና ካይሮ ያለሁ ይመስለኛል። ነባር ተጠቃሚነት፣ ታሪካዊ መብት፣ ያው ነው። ሞዴሉም ቢሆን እንደ ዳኛ አንድ ቃል ተናግሮ አይቆምም። በዚያው ውቅያኖስ ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «ከልክ በላይ ተጠምዷል» ሲባል ቆይቶ፣ በ2024 በተደረገው አዲስ ስሌት «ከልክ በላይ አልተጠመደም» ተባለ። ዓሣው በአንድ ሌሊት አልተራባም። የገቡት የመያዣ መረጃዎችና የስሌቱ መንገድ ተሻሽለው ነው። ማሻሻሉ የሳይንስ ግዴታ ነው፤ አልነቅፈውም። የምለው፣ ስሌቱን የሚመረምር ሰው ክፍሉ ውስጥ ያለው አገር ለምን እንደተለወጠ ያውቃል፤ የሌለው ግን ትላንት በቀዩ ዛሬ በአረንጓዴው ብቻ ይታዘዛል።

ከቱናው ይልቅ የሚቀርበንን ደግሞ ልጨምር። በየወቅቱ የሚነገረን ትንበያ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» ይላል። መደበኛው ምንድን ነው? በዓለም አቀፍ ልማድ የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ አሁን የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ አገራችን ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ እየሳሳ መጥቷል። እንግዲህ የሳሱት ዓመታት አማካዩ ውስጥ ሲገቡ አማካዩ ራሱ ይወርዳል። ለቦረና ሽማግሌ ድርቅ የነበረ ወቅት በወረቀት ላይ «ለመደበኛ የቀረበ» ይሆናል። ማንም አልዋሸም። መነሻው ነው የተንሸራተተው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ክፍተቱ ልሻገር።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ግድም ጀምሮ የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች ሲበረቱ የምርምር መርከብ ወደ ምዕራብ የሕንድ ውቅያኖስ መሄድ ፈራ፤ የንግድ መርከቦችም መንገድ ስለቀየሩ ስለ ነፋስና ስለ ሙቀት ይልኩት የነበረው መረጃ ቀነሰ። አርጎ መሣሪያዎቹን የሚጥልለት አጥቶ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ባሕር ኃይሎች ረዱት። በዓለም ካርታ ላይ ውኃው ሲለካ ያ ቦታ ቀዳዳ ሆነ። ቀዳዳው የነበረው ደግሞ የሶማሌ፣ የቦረናና የባሌ ዝናብ በሚነሳበት ደጃፍ ላይ ነው። ሞዴል ባዶ ቦታ አይወድም፤ ካለው መረጃ ገምቶ ይሞላዋል። የሞላው ቁጥር ከተለካው ቁጥር ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቶ በካርታው ላይ ይወጣል፤ ሚኒስትሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። የለካነውንና የገመትነውን ለይቶ ማሳየት ለእኔ የሥነ ምግባር የመጀመሪያው ግዴታ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ አትሂዱ፤ ከዚሁ ከእንጦጦ ምሳሌ አለ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትወነጨፍ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ ከዚህ ቅርብ፣ እዚሁ ተራራ ላይ ነበር። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ በምስሏ ላይ አንዲት ነጥብ 14 ሜትር በ14 ሜትር የምትሆን ሳተላይት ነበረች። ከላይ ስትታይ እንጦጦ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ግን በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ጽድ? ከሥሩ ደግሞ ማነው ያለው? እናቶቻችንና እህቶቻችን በዚህ ቁልቁለት የተቆለለ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ሲወርዱ ስንት ዘመን አየን። ፓርኩ ከመሠራቱ በፊትም በኋላም፣ በ14 ሜትር ነጥብ ውስጥ የአንዲት ሴት ሸክም አይታይም። «የደን ሽፋን» የሚለው ቁጥር ለአየር ንብረት ሪፖርት ይበቃል፤ ለእሷ እራት ግን የሚናገረው የለም። ሳተላይቷን ልንወቅሳት አንችልም፤ የተሠራችው ሸክም ለመቁጠር አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ምስሉን ይዞ ውሳኔ የሚወስነው ሰው ወርዶ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

በባሕሩም ያው ነው። የመን ወይም ሶማሊያ ዳርቻ ላይ በትንሽ ጀልባ የሚያጠምድ ሰው ሳተላይት የሚያየው መለያ መሣሪያ የለውም፤ የያዘውም ዓሣ በየትም መዝገብ በቅጡ አይሰፍርም። በሞዴሉ ውስጥ ያ ሰው የለም። ስለዚህ «ይህ ቦታ ሰው የማይጠቀምበት ነው፤ ይከለል» ወይም «ለማዕድን ይፈቀድ» ማለት ይቀላል። የውቅያኖስ ወለል ማዕድንን ካነሳን ዘንዳ ይህን እወቁልኝ፦ ከመቆፈሩ የሚነሳው ደለል የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያሳየውን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሚያዘጋጀው ፈቃድ ጠያቂው ኩባንያ ራሱ ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ኪንግስተን ላይ ተቀምጦ የቀረበለትን ይመረምራል። ለመመርመር የራሱ ሞዴል፣ የራሱ ባለሙያ የሌለው አገር ግን ምኑን ይመረምራል?

ሦስተኛው፣ ዕዳው።

ተመራማሪዎች የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ የሚሉት ነገር አለ። የረጅም ጊዜ ሞዴሎች ብዙዎቹ «የምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ እየጨመረ ይሄዳል» ይላሉ። የተለካው ዝናብ ግን ለአሥርታት ሲቀንስ ታየ። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ሞዴሎቹ የሕንድ ውቅያኖስንና የምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስን ሙቀት በትክክል አለመያዛቸው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ያንን ትንበያ አምኖ ለሠላሳ ዓመት የሚሆን የውኃ ፕሮጀክት ቢነድፍ፣ ሞዴሉ ሲሳሳት ማን ይከፍላል? ሞዴሉን የሠራው ማዕከል ቀጣዩን ሞዴል ያሻሽላል። ባንኩ ብድሩን ይሰበስባል። የሚከፍለው ቦረና ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ የከብቱ ሬሳ በመንገድ ዳር ሲደረደር አይተናል።

ሚዛኑን ልጠብቅ። ለዚያ ለመጨረሻው የከሸፈ ወቅት ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ያስጠነቀቀው በውቅያኖስ ሞዴል ነው። የእኛም የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የወቅት ትንበያ ሲሰጡ ኖረዋል፤ «የዘንድሮው ውቅያኖስ ካለፉት ዓመታት የትኛውን ይመስላል?» ብለው በመጠየቅ፣ በትንሽ መሣሪያ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ስለዚህ «ሞዴል የነጭ ተንኮል ነው» የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። ሞዴል ያስፈልገናል። ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገው ለእኛ ለድሆቹ ነው፤ ሀብታሙማ ቢሳሳት መጋዘን አለው። የምለው በእጃችን ይግባ፣ ጠይቀን እንቀበለው፣ ስንቃወምም በቁጥር እንቃወም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ረጅም ዝርዝር አላቀርብም፤ ዝርዝር ሲበዛ ማን ምን እንደሚሠራ ይጠፋል።

ሰው እናሠልጥን። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር መርከበኞች እያሠለጠንን በዓለም መርከቦች ላይ እናሰማራለን። ባሕር የሌላት አገር የባሕር ሰው ታፈራለች፤ ያኮራል። ነገር ግን መርከብ የሚነዳ እንጂ የውቅያኖስ ሞዴልን ገልብጦ «ይህን ካሬ ለምን ዘጋችሁት?» የሚል ሰው ለማፍራት እምብዛም አልደከምንም። መረጃው ክፍት ነው ብያችኋለሁ። የብዙዎቹ ሞዴሎች ኮድም ክፍት ነው። የጎደለው ሱፐር ኮምፒውተር ብቻ አይደለም፤ ሱፐር ኮምፒውተር ያላቸው ማዕከላት ውስጥ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በአውሮፓም በአሜሪካም አሉ፤ እነሱን የሚጠራ፣ ከተማሪዎቻችን ጋር የሚያገናኝ ጽሕፈት ቤት ነው የጎደለው። በነገራችን ላይ፣ ሌላው ዓለም መረጃውን ክፍት ያድርግ እያልን የራሳችንን የዝናብ መዝገብ ለገዛ ተማሪያችን ለመስጠት ስንት ደብዳቤ እንጠይቃለን? ይህን የምጠይቀው ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙኝን ኃላፊዎች ነው። መልሱን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንቀመጥ። ከየትኛውም አገር ወሰን ውጪ ያለውን ውቅያኖስ፣ ማለትም ከባሕሩ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነውን፣ ለመጠበቅ አዲስ ስምምነት እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2023 ጸድቆ ጥር 17 ቀን 2026 ሥራ ላይ ውሏል። ጥብቅ ሥፍራ በምን መረጃ እንደሚከለል፣ የተጽዕኖ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ፣ ከባሕር ፍጥረታት ዘረመል የሚገኘው ጥቅም እንዴት እንደሚከፋፈል ይደነግጋል። የባሕር በር የሌላቸውን ታዳጊ አገሮች ችግርም ለይቶ ያነሳል። የመጀመሪያው የአባል አገሮች ጉባኤ ስምምነቱ ከጸና በአንድ ዓመት ውስጥ መሰብሰብ አለበት። የሞዴል ደንብ የሚወጣው እንዲህ ባለው ጉባኤና ከሥሩ በሚቋቋሙ የሳይንስ ኮሚቴዎች ነው፤ መነሻው የሚመረጠውም እዚያ ነው። አባይ ላይ መነሻው ከተመረጠ በኋላ ነበር የደረስነው፤ ለማስተካከል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀብን። እዚህ ገና አልተመረጠም። የውጭ ጉዳይ፣ የውኃና የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች በአንድ ልዑክ አብረው ይሂዱ፤ ዲፕሎማት ብቻውን ቁጥር አይሟገትም፣ ባለሙያ ብቻውን ድምፅ የለውም።

የመጨረሻው ነገር የቤት ሥራ ነው፤ ለእናንተ ለሕግ ተማሪዎችና ለምክር ቤት አባላት። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ባሕር አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስ፣ በጎረቤት አገር የመተላለፍ፣ ከጎረቤቶቻቸው ውኃ ከሚተርፈው ዓሣ የመካፈል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ገና ምጽዋና አሰብ በእጃችን ሳሉ ኢትዮጵያ ፈርማዋለች። ማጽደቂያው ግን እስከ ዛሬ አልገባም። ፊርማው የታኅሣሥ 1 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።